በበቆሎ አገር ወፍጮ ልወቅር ሄጄ

ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ካለ አንድ ምክር አለኝ፤ ካፖርቱን ቤቱ ይተው። እኔ ካፖርቴን ለብሼ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤ ሄድኩ። አምስት ቀን ሙሉም ተናደድኩ። የምናደድበት ሰው ግን በየቀኑ ይለዋወጥ ስለነበር፣ ነገሩን እንደሆነው ቀን በቀን እጽፈዋለሁ።

የሄድኩበት ምክንያት ልጄ ብዙነሽ ናት። አርሲ ነገሌ ከመምህር ባሏ ጋር ትኖራለች። የአካባቢው ሴቶች ማኅበር አንድ የድንጋይ ወፍጮ ነበረውና፣ «የወፍጮ ቤት ልጅ ናት» ብለው ኃላፊነቱን ለእሷ ሰጧት። በሁለተኛው ወር ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ወፍጮው ዱቄት ያቃጥላል። ሴቶቹ የገማ ዱቄት ይዘው እየገቡ ከባሎቻቸው ይጣላሉ። አንዳንዱም «አሻጥር ነው» ማለት ጀምሯል፤ የፊታችን እሑድ ማኅበሩ ተሰብስቦ ይወስናል። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል የተለጠፈበት ሰው ከስብሰባ ወጥቶ ወደ ቤቱ መግባቱ እርግጠኛ አልነበረም። ደብዳቤዋን የጨረሰችው፣ «አባዬ፣ ድንጋዩ እንዴት እንደሚወቀር ይጻፉልኝ» ብላ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ የድንጋይ ወፍጮ ሁለት ክብ ድንጋዮች ናቸው። የታችኛው ይተኛል፣ የላይኛው ይዞርበታል። ፊታቸው ሲልም እህሉ መፈጨቱ ቀርቶ ይታሻል፤ ሲታሽ ይግላል፤ ሲግል ይቃጠላል። ያን ጊዜ የላይኛውን አንስቶ የሁለቱንም ፊት በብረት መዶሻ መውቀር ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ከአንድ ግሪክ ባለወፍጮ ዘንድ ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ገብቼ ሥራውን በዓይኔ ሰረቅኩት። ፊደልም የለየሁት ጆንያ ላይ የተጻፈውን የባለቤት ስም እየጠየቅኩ ነው። ስለዚህ «ይጻፉልኝ» ስትለኝ ተናደድኩ። ይህ በወረቀት የሚላክ ነገር ነው? መዶሻዎቼን በቁርበት ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ረቡዕ

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማግኘት ብቻውን ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሜ፣ የምሄድበት ቦታና የያዝኩት ዕቃ በዝርዝር ተጽፏል። ማለዳ ተነሥቼ አዲስ አበባ ከቀትር በፊት ደረስኩ።

አውቶቡስ ተራ ውስጥ ትኬት ቆራጩ፣ «ነገሌ ከሆነ ሞጆ ይውረዱ፣ ከዚያ የሻሸመኔ መኪና ያገኛሉ» አለኝ። እኔ ግን አሰብኩ። ናዝሬት ከሞጆ ይበልጣል። መኪና ደግሞ የሚነሣው ከትልቅ ከተማ ነው። ሞጆ መንገድ ዳር ቆሞ የሞላ መኪና ከመለመን፣ ናዝሬት ገብቶ ወንበር ይዞ መነሣት አይሻልም? ሞጆ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ «አባባ፣ ነገሌ ብለውኝ ነበር እኮ፤ እዚህ ነው የሚወርዱት» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። አላውቅም ነበር። አልወረድኩም።

ናዝሬት ከአውቶቡስ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። እኛ አገር በዚህ ወር ጠዋት በረዶ ሣር ላይ ተጋግሮ ይታያል። እዚህ ሰው በሸሚዝ ሆኖ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ይታከካል። የጋሪው ነጂ ካፖርቴንና ጋቢዬን አይቶ፣ «አባባ፣ ሌላ ሰው ከውስጥ ደብቀዋል እንዴ? የሁለት ሰው ነው የማስከፍልዎት» አለኝ። ከጋሪ ላይ የተጫነ ሁሉ ሳቀብኝ። በእኛ ከተማ ጋሪ ነጂ ሽማግሌን እንዲህ አይናገርም።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ አየለች የሚባሉ፣ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆኑ ደግ ሴት ነበሩ። ሻይ አቀረቡልኝ፤ በስኳር ፈንታ አንዲት ከረሜላ አብረው ሰጡኝ።

«ወንጂ እዚህ አፍንጫችሁ ሥር እያለ ሻይ በከረሜላ?» አልኳቸው።

«ስኳሩ ይሸተናል አባቴ፣ አናየውም» አሉና ሳቁ። ወዲያው የሟች ባላቸውን ስስ ሸሚዝ አምጥተው፣ «ይህን ይልበሱ፣ ይሞታሉ» አሉኝ። የሞተ ሰው ልብስ አለብስም ብዬ መለስኩት።

ግቢው ውስጥ ከከምባታ የመጣ አንድ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ተከራይ አለ። ቅልጥሙ ላይ ሁለት ትልልቅ ጠባሳ አይቼ ጠየቅኩት።

«ይቺ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ይቺ የሁለተኛው» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ እግሬን ቆርጬ አላውቅም።»

«የሚያሳይህ አልነበረም?»

«አለቃ ነበር አባባ። እሱ ሲጮህብኝ እኮ ነው ሁለቱንም የቆረጥኩት።»

ሰነፍ ሰው ሰበብ አያጣም ብዬ አሰብኩና ወደ አልጋዬ ገባሁ።

ሐሙስ

የሟቹን ሸሚዝ ለብሼ ወጣሁ። ወይዘሮ አየለች አይተው አልሳቁብኝም፤ ጋቢዬን ብቻ አጣጥፈው በገመድ አሠሩልኝ። በዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

የሻሸመኔው አውቶቡስ እስኪሞላ አራት ሰዓት ሆነ። ከተነሣ በኋላም ትናንት የመጣሁበትን መንገድ ይዞ ወደ ሞጆ ተመለሰ። ሞጆ ላይ ቆሞ ሰዎች ጫነ። ሁሉም ወንበር አገኙ። በመስኮት ሌላ ሌላውን አየሁ።

መቂን ሳናልፍ ኬላ ላይ አስወረዱን። ጠባቂው ጠብመንጃ ያነገተ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ገበሬ ነው። ሌላውን በዓይኑ አይቶ ሲያሳልፍ፣ የእኔ ቁርበት ሲፈታ መዶሻዎቹን አየና ወረቀቴን ጠየቀ። ሰጠሁት። ጣቱን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አስቀምጦ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ለ... ሚ... መ... ለ... ከ... ተ... ው...»

«ስጠኝ ልጄ፣ ላንብብልህ» አልኩት።

«ይተዉት አባባ። እኔ ነኝ የማነበው።»

ከአውቶቡሱ በር አንድ ወጣት፣ «ለፋሲካ ይጨርሰዋል!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። ጠባቂው ጣቱን ከፊደሉ ላይ ሳያነሣ ቀና አለ። «ስቀህ ስትጨርስ ዝም በል፣ እጀምራለሁ። መሠረተ ትምህርት ስድስት ወር በኩራዝ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።»

እኔ ፊደል የለየሁት እንዲሁ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ጆንያ ላይ አጎንብሼ፣ ሰው እየሳቀብኝ ነው። ይህ ትዝ ሊለኝና ልታገሠው ይገባ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ትዝ ያለኝ የእሑዱ ስብሰባ ብቻ ነው። በግንባሬ ላብ እየወረደ ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ከእጁ ልነጥቀው እጄን ዘረጋሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በክንዱ ገፋ አደረገኝ። በመጨረሻ፣ «የ... ወ... ፍ... ጮ... መዶሻ... ሦ... ስት» ብሎ ጨረሰ። መዶሻዎቹን ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«አባባ፣ ወረቀቱ ሦስት ይላል። እዚህ ያሉት አራት ናቸው።»

አራተኛውን ቀበሌ ከሄድኩ በኋላ ነበር የጨመርኩት። አላነብም ብሎ በዓይኑ ቢያሳልፈኝ ኖሮ ማንም አያውቅም። አለቃው ተጠራ፤ አለቃው ምሳ ላይ ነው ተባለ፤ አውቶቡሱም ጠበቀ። አለቃው መጥቶ ሳቀና፣ «ራስህ አስተካክለው» አለው። ጠባቂው እርሳስ ከአለቃው ተቀብሎ «ሦስት» የሚለውን ሠረዘና «አራት» ብሎ ጻፈበት። ያም ጊዜ ወሰደ። ሲመልስልኝ፣ «አሁን ማንም አይነካዎትም» አለኝ፤ ከልቡ ነበር።

ዝዋይ ስንደርስ ማደያው ናፍጣ ጨርሷል። ከአንድ ሰዓት በፊት የመጡ መኪኖች ቀድተው ሄደዋል። ተሳፋሪው ሁሉ እኔን አየኝ። እዚያው አደርን። ከሐይቁ የወጣ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልኝ፤ ባለምግብ ቤቷ፣ «አጥንቱን ለይተው፣ ቀስ ብለው» ስትለኝ፣ «ሥጋ መብላት አያቅተኝም» አልኳት። በሁለተኛው ጉርሻ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ። ሴትዮዋ ደረቅ ዳቦ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተችና፣ «ሳያላምጡ ይዋጡት!» ብላ ጀርባዬን መታችኝ። ወረደልኝ። የዓሣውንም ሆነ የዳቦውን ሒሳብ አልቀበልም አለች። የእኛ አገር ሰው በሥጋ አጥንት ይጫወታል እንጂ አጥንት አይጫወትበትም ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት።

ዓርብ

ናፍጣው በማለዳ መጣ። ከሻላና ከአብያታ አቅራቢያ ግራሩን አልፈን ወደ ነገሌ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ዛፉ በዛ፣ ልቤም ወደ ቦታው ተመለሰ። አገሩ ግን ሁሉም በቆሎ ነው። ማሳው በቆሎ፣ ጎተራው በቆሎ፣ ልጆቹ የሚግጡት በቆሎ። ጤፍ ላይ ዓይኔ ያረፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ብዙነሽ ከወፍጮ ቤት ወጥታ ጉልበቴን ሳመች። ከስታለች። ባሏ ለሴሚናር ስለተጠራ ብቻዋን ነበረች። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሴቶች ጆንያና ቅል ይዘው ተቀምጠዋል። የማኅበሩ ሊቀመንበር አዴ ሩቂያ፣ በእኛ አባባል ወይዘሮ ሩቂያ፣ ረጅም፣ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ሰውን ከእግር እስከ ራስ የሚመዝኑ ሴት፣ «አካም ጂርቱ አባባ፤ እንኳን ደህና መጡ። የሚሠራ ነገር ይዘው መጡ?» አሉኝ።

«ሠላሳ ዓመት ይዤ መጣሁ» አልኳቸው።

ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። በከሰል ክብ ክብ ተሥሎበታል፤ አምስት ትልልቅ ክብ፣ ውስጣቸው መስመር በመስመር፣ ከአጠገባቸው ጽሕፈት።

«ይህ ምንድን ነው? የማኅበር ቤት እንዲህ ይቆሸሻል? እኔ ግድግዳ ላይ መጻፍ አስተምሬሻለሁ?»

«አይ አባዬ፣ እሱ...»

«አጥፊው።»

አላጠፋችውም። የላይኛውን ድንጋይ በሰንሰለት አስነሥቼ ፊቱን ዳሰስኩት። የውቅሩ ነገር የሚያሳዝን ነው። እዚህ ጥልቅ፣ እዚያ ልሙጥ፣ ጫፉ ላይ ጭራሽ የተጫረ እንጂ የተወቀረ አይመስልም። ተቀመጥኩና ሥራዬን ጀመርኩ። ለጤፍ እንደማደርገው ዱቄቱ የሚወጣባቸውን ቦዮች ቀጫጭን፣ ጥልቀታቸውን ትንሽ፣ እርስ በርሳቸው ጠጋ ጠጋ አድርጌ። ልጄ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ሁለት ጊዜ ጀመረች።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ በቆሎ ነው...»

«አያለሁ።»

«ገና ያልደረቀ በቆሎ ነው የሚያመጡት...»

«ብዙነሽ፣ አንቺ የምታውቂውንማ አየሁት። እህል እህል ነው። ዝም ብለሽ ተመልከቺ።»

ተመለከተች። እኔም እስኪመሽ ወቀርኩ። ካሁን በፊት እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ

ጠዋት ሞተሩ ተነሣ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ተገለበጠ። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለተኛው ቁና ሳያልቅ ድምፁ ተለወጠ። ሞተሩ አቃሰተ፤ ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተንሸራተተ፤ ቀጥሎ ሽታው መጣ። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሽታ ነው፤ የሌላ ሰው ወፍጮ ላይ ሳሸተው ግን የምስቅበት። ባለተራዋ ሴት ዱቄቷን ጨብጣ ለቀቀችው፤ ዱቄቱ ግሏል፣ እንደ ሊጥም ተጠቅልሎ ወደቀ።

«ከበፊቱ ይብሳል» አለች።

አዴ ሩቂያ ወደ እኔ ዞሩ። «አባባ፣ ስንት ቀን ተጉዘው መጡ?»

«ሦስት ቀን።»

«ይህን ለማቃጠል?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ልጄ ግን አልሳቀችም። ሞተሩን አጠፋችና፣ «እህቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ነገ ጠዋት ኑ» ብላ ሸኘቻቸው። ስብሰባው ነገ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፈራሁ። ከሰዎቹ ይልቅ የፈራሁት እጄን ነው። ሠላሳ ዓመት የሚያውቀውን ሥራ አጣ።

ድንጋዩን አንስተን ስናየው በቀጫጭኖቹ ቦዮቼ ውስጥ የበቆሎው እርጥበት ዱቄቱን እንደ ሲሚንቶ ደፍኖታል። ልጄ ግድግዳው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ያኔ ክቦቹን አነበብኩ። እያንዳንዱ ክብ ድንጋዩ ነው። በየጊዜው እንዴት እንደወቀረችው ሥላ፣ ከአጠገቡ የሆነውን ጽፋለች። «ጠጋ ጠጋ፣ ሁለተኛ ቁና ላይ ገማ።» «አፉ ጠበበ፣ ፍሬው አልገባም።» «ራቅ ራቅ፣ ጫፉ አልጠለቀም፣ ክክ ወጣ፣ አልገማም።» የመጀመሪያው ክብ፣ ልክ እኔ ዓርብ የሠራሁት ነው። ከሁለት ወር በፊት ሞክራ አቃጥላዋለች። ሦስት ጊዜ ልትነግረኝ ስትል ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ካወቅሽው ለምን አልሠራሽውም?» አልኳት፤ ያኔም ድምፄ የቁጣ ነበር።

«መዶሻው አባዬ። እዚህ ያለው ቀጥቃጭ የሠራልኝ ነው፤ አሥር ጊዜ ስመታበት ይዶለዱማል። ደግሞ ይንሸራተትብኛል። ጫፍ ጫፉን ማጥለቅ አልቻልኩም።»

ብረቱን አየሁት። ሲግል ውሃ በደንብ ያልጠጣ፣ ያልጠነከረ ብረት ነው። እሱ የቀጥቃጩ ጥፋት ነው። መንሸራተቱ ግን የእኔ ነው። ይህች ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት እኔ ስወቅር አጠገቤ ተቀምጣለች። መዶሻ አስነክቻት አላውቅም። የብረቱ ፍንጣሪ የእጄን ጀርባ በጥቋቁር ነጥብ ሞልቶታል፤ የልጄ እጅ እንዲህ እንዳይሆን ነው እል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ማንም በእጁ ይዞ ሲያበላሽብኝ ማየት ስለማልችል ነው።

ከአራቱ መዶሻ አንዱን ሰጠኋትና ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ከሰዓት በኋላ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ሥራው መቀመጥ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ምቷ ተንሸራተተ። ሁለተኛው የድንጋዩን ጠርዝ ጥፍር የሚያህል ፈነቀለው። ብድግ አልኩ።

«አባዬ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ሌላ አሥር ምት መታች። አምስቱን ተናድጄ፣ አምስቱን ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኳቸው። ከዚያ ቆም አለችና፣ «ለምንድን ነው የሚንሸራተትብኝ?» አለች።

«አጥብቀሽ ስለያዝሽው ነው። ፈታ አድርጊው፤ ክብደቱ ራሱ ይውደቅ።»

ፈታ አደረገችው። ድምፁ ተለወጠ። መጀመሪያ ድንጋዩን ትነካ ነበር፤ አሁን ታጠልቅ ጀመር። ቦዮቹን በራሷ ሥዕል መሠረት ራቅ ራቅ አድርጋ፣ አፉን አስፍታ፣ ጫፍ ጫፉን አጥልቃ ወቀረችው። የእኔን ያማረ ሥራ ሁሉ አጠፋችው።

እሑድ

ጠዋት ሁለት ጆንያ ፈጨን። ዱቄቱ ሻካራ ነው፤ ጤፍ የለመደ ሰው ይጸየፈዋል። ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከወረዳ አንድ ጓድ መጥቶ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ልጄን ከፊቱ አቆማት። እጇን ኋላዋ አድርጋ ነበር የቆመችው፤ ጣቶቿ ላይ የትናንቱ ቁስል ይታያል። ሰውየው ወረቀቱን አይቶ፣ «ይህ የሕዝብ ንብረት ነው። የተበላሸው ባለማወቅ ነው ወይስ ሆን ተብሎ?» ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ባለሙያ ነዎት ተብሏል። ይናገሩ።»

ተነሣሁ። ከተማዬ ውስጥ ስለ ወፍጮ ተሳስቻለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም ቢሆን።

«እሷ አምስት ጊዜ ወቅራ አልተሳካላትም» አልኩ። «አምስቱንም ጽፋቸዋለች፤ ግድግዳው ላይ አለ፣ ግቡና አንብቡ። ሆን ብሎ የሚያቃጥል ሰው እንዴት እንዳቃጠለ አይጽፍም። ስድስተኛውን፣ የትናንቱን፣ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይህ እርጥብ በቆሎ ነው ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።»

ሰውየው ጽፎ ጨረሰና፣ «እርስዎስ ሆን ብለው ነው?» አለ።

«ባለማወቅ ነው» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ፤ አዴ ሩቂያ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና ጆንያው ዘንድ ሄዱ። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ዱቄቱ ውስጥ ከተቱት። ቆዩ። አወጡት፣ አሸተቱት፣ ትንሽ ላሱት። በኦሮምኛ ለሴቶቹ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ «ወፍጮው ከእሷ ጋር ይቆይ የምትሉ፣ እጅ» አሉ።

ከሁሉ በፊት የተነሣው የእኔ እጅ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ አባል አይደሉም። እጅዎን ያውርዱ።»

አወረድኩ። ዞሬ ሳይ ግቢው በሙሉ እጅ ሆኗል፤ ከሁለት ሴቶች በቀር። ከወረዳ የመጣው ሰው ወረቀቱን አጠፈ። ስብሰባው ሲበተን ሴቶቹ ልጄን ከበቧት። ነገ በስንት ሰዓት ትከፍቻለሽ፣ እርጥብ በቆሎ ይሆናል ወይስ ይሰጣ፣ ለገንፎ የሚሆን ታደቅቂልኛለሽ ወይ እያሉ ይጠይቋታል። እሷም አንድ በአንድ ትመልስላቸዋለች። እኔ እዚያው ግቢው ውስጥ አንድ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።